በሁለት ዓይን የተሣለው ልጅ
ሥዕል ባለው መጽሐፍ የሕይወትን ትምህርት ስለ መማር

1። ዓይንና ጆሮ

ሰው ትምህርትን የሚቀበልባቸው ሁለት ታላላቅ በሮች አሉት፤ እነርሱም ጆሮና ዓይን ናቸው። በጆሮው የመምህሩን ቃል ይሰማል፤ በዓይኑ ፊደልንና ሥዕልን ያያል። ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል የሚባለው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ያየ ሁሉ አስተዋለ ማለት አይደለም። በሬም ሜዳውን ያያል፤ ነገር ግን የሚፈልገው ሣሩን ብቻ ነው። ሰው ግን ያየውን ነገር በልቡ መርምሮ፣ «ይህ እኔን ምን ያስተምረኛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ሕፃን ፊደልን ከማወቁ በፊት ሥዕልን ያነባል። የእናት ሥዕል ቢያይ ፈገግ ይላል፤ የጅብ ሥዕል ቢያይ ይፈራል። ገና «ሀ ሁ» ማለት ያልጀመረ ልጅ፣ በወረቀት ላይ የሚያለቅስ ልጅ ተሥሎ ቢያይ፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የመልካም ትምህርት መጀመሪያ ናት። የሌላውን ሰው እንባ አይቶ ምክንያቱን የሚጠይቅ ልጅ ርኅራኄን መማር ጀምሯልና።

ስለዚህ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ለትንንሽ ተማሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በብልህ መምህር እጅ ሲገባ እውነትን፣ ትጋትን፣ ርኅራኄንና ከጥፋት መመለስን ያስተምራል። በግድ የለሽ እጅ ሲገባ ግን ገጹ ይገለጣል፤ ያልፋል፤ ከዓይን እንጂ ከልብ አይደርስም።

2። አባቶች በሥዕል እንዳስተማሩ

በሥዕል ማስተማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች ሥዕል አላቸው። ሊቃውንት ብራናቸውን በልዩ ጥበብ መርምረው፣ ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት እንደሚበልጥ አረጋግጠዋል። በዓለም ካሉት ሥዕል ያላቸው ወንጌሎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት መካከል ይቈጠራሉ።

በቀድሞ ዘመን ከሕዝቡ የሚበዛው ፊደል አያውቅም ነበር። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ለሕዝቡ መጽሐፍ ሆነለት። እናት ልጅዋን ይዛ ገብታ በጣትዋ እያመለከተች፣ «ይህ ትንሹ ዳዊት ነው፤ ያ የወደቀው ትልቁ ጎልያድ ነው» ትለው ነበር። ልጁም የዳዊትን ቁመትና የጎልያድን ቁመት አስተያይቶ፣ በጕልበት ብቻ መመካት ከንቱ መሆኑን ይረዳ ነበር።

የኢትዮጵያ ሠዓልያን አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው። ጻድቅ ሰው ሲሥሉ ፊቱን ሙሉውን፣ ከሁለት ዓይኖቹ ጋር ያሳያሉ። ክፉ ሰው ሲሥሉ ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያሉ። በዚህም ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደ ሆነ ወዲያው ይለያል። ይህ ልማድ በኋላ ለሚነገረው ታሪክ ስለሚያስፈልግ፣ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በብዙ ቤተ ክርስቲያን ከሚታዩት ሥዕሎች አንዱ የበላዔ ሰብእ ሥዕል ነው። ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ጨካኝ ነበረ ተብሎ በተአምረ ማርያም ይተረካል። አንድ ቀን ግን በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ቢለምነው፣ ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሥዕሉ ላይ ሚዛን ይታያል። በአንዱ ወገን የተበሉት ሰዎች፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውኃ ተቀምጠዋል፤ እመቤታችንም በጥላዋ ጋርዳ የውኃዪቱ ወገን እንዲከብድ ታደርጋለች።

ልጅ ይህን ሥዕል ብቻውን አይቶ ቢሄድ፣ «እንግዲያው ያሻኝን በድዬ በጥቂት ውኃ እድናለሁ» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ መምህር በአጠገቡ ቆሞ ይተረጕምለታል። «ሥዕሉ በደልን ቀላል ነው አይልም፤ ምሕረትን ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት ይላል እንጂ» ብሎ ያስረዳዋል። የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ሥዕሉ ሰሙ ነው፤ በውስጡ ያለው ምክር ወርቁ ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ወርቁን ጥሎ ሄደ።

3። ሥዕል ያላቸው የልጆች መጻሕፍት

በአውሮፓ ለልጆች ትምህርት ተብለው ከተዘጋጁት ሥዕል ካላቸው መጻሕፍት በመጀመሪያ የሚታወቀው የኮሜንዮስ መጽሐፍ ነው። ዮሐንስ አሞስ ኮሜንዮስ የሞራቪያ ሰው ነበረ፤ አገሩም ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር ውስጥ ትገኛለች። እርሱ በጦርነትና በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ከአገሩ ተሰድዶ ብዙ ዘመን በሰው አገር የኖረ መምህር ነው። በዘመኑ የነበሩ ተማሪዎች የማያውቁትን ነገር ስም በላቲን ቋንቋ በቃላቸው እንዲይዙ ይገደዱ ነበር። ኮሜንዮስ ግን ልጅ አስቀድሞ ነገሩን ይይ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ይማር ብሎ አሰበ።

ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1658 ዓመት በኑረምበርግ ከተማ፣ ትርጕሙ «በሥዕል የታየው ዓለም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ 150 ያህል ሥዕሎች ነበሩበት። በሥዕሉ ላይ ባለው ነገር ሁሉ ቍጥር ተጽፎበታል፤ ያው ቍጥር ከታች በቃሉ አጠገብ ይገኛል፤ ልጁም ሥዕሉንና ቃሉን ያገናኛል። ፊደልን ያስተማረው በእንስሳት ድምፅ ነው፤ ለምሳሌ የ«በ»ን ድምፅ በበግ ጩኸት አስተማረ። ከወፎች፣ ከዛፎችና ከእጅ ሥራዎች በኋላም ትጋትን፣ ትዕግሥትንና ፍርድን በሥዕል አሳይቷል። ትጋትን ያመሳሰላት ከጉንዳን ጋር ነው። በዓይን የማትታየውን ትጋት በዓይን በምትታየው ጉንዳን ማስተማር እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

በአገራችንም ለዚህ ሥራ የደከሙ ሰዎች አሉ። ከነርሱ አንዱ በነገሌ ቦረና የተወለዱት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። እርሳቸው ከተማሪ ቤት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት 19 ዓመት ሲሆናቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰድደው፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። በዚያም በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲፈልጉ በአማርኛ የተጻፈ አጡ። ሰው ያጣውን ነገር አይቶ ማዘን ይችላል፤ ብልህ ግን ያጣውን ነገር ለመሥራት ይነሣል። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በሥዕል አሳተሙት። በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ በተባለው ሰፈር ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ አካባቢም አህያ በሚስበው ጋሪ መጻሕፍት ጭነው ለልጆች አደረሱ።

የማሞ ቂሎ ተረት ልጆችን ሁሉ ያስቃል። ማሞ እናቱ ትናንት የመከረችውን ምክር ዛሬ ለሌላ ነገር ያውለዋል። ለገንዘብ የተነገረውን ለወተት ያደርገዋል፤ ወተቱም ይፈስሳል። ልጆች በሥዕሉ የፈሰሰውን ወተት አይተው ከሳቁ በኋላ፣ ምክርን ከነምክንያቱ እንጂ በቃሉ ብቻ መያዝ እንደማይጠቅም ይማራሉ። ሳቁ ሰም ነው፤ ማስተዋሉ ወርቅ ነው።

4። የቆቦ ሜዳ

ቆቦ በሰሜን ወሎ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። በዚያ ሜዳ ሆርማትና ጎሊና የሚባሉ ወንዞች ይወርዳሉ። ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣበታል። የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው። ገበሬው ደጋለትና ጅጉርቲ የሚባሉትን ሌሎችንም የማሽላ ዓይነቶች እየለየ ይዘራል።

ማሽላ እሸት በሚሆንበት ወራት ግሪሳ ወፍ ይመጣል። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ነው፤ አንዱ ወፍ በቀን የሚበላው 10 ግራም ያህል ነው። ነገር ግን ብቻውን አይመጣም። አንድ ሚሊዮን ወፍ ቢሰበሰብ በአንድ ቀን 100 ኩንታል እህል ይበላል። ስለዚህ የቆላ ልጆች በማሳው መካከል በተሠራ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ከንጋት እስከ ማታ እህሉን ይጠብቃሉ።

እህል ማጣት ምን እንደ ሆነ የዚህ አገር ሰዎች ያውቃሉ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦ የደረሰውን ማሽላ በልቷል። ከዚያም በፊት በ1977 ዓ.ም. ታላቅ ረኃብ ሆነ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ፣ ከቆቦ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኮረም የነበረውን የተራበ ሕዝብ በሥዕል ማንሻ አንሥቶ ለዓለም አሳየ። ብዙ ጊዜ በቃል የተነገረው ያላነቃውን ሰው፣ ያ ሥዕል አነቃው፤ ከሩቅ አገርም እርዳታ መጣ።

ነገር ግን ከዚህ ሌላ ትምህርት ደግሞ አለ። በሩቅ አገር ያንን ሥዕል ብቻ ያዩ ብዙ ሰዎች፣ ይህን አገር ሁልጊዜ ደረቅና የተራበ ነው ብለው አሰቡ። ዝናብ በጣለበት ዓመት ቢመጡ ግን ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ራሱን አዘንብሎ ባዩት ነበር። አንድ ሥዕል አይቶ ሁሉን አወቅሁ የሚል ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ እንዳየ ይቈጠራል።

5። በካርቶን የተሠራው መጽሐፍ

እንግዲህ አንባቢ በዚህ ሜዳ ዳር ያለ አንድ ትንሽ ተማሪ ቤት በልቡ ያስብ። በዚያ ተማሪ ቤት ሥዕል ያለው መጽሐፍ አልነበረም። መምህሩ ግን መጽሐፍ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የተጣለ ካርቶን ሰብስበው፣ እኩል ቈርጠው፣ በክር ሰፍተው አምስት ገጽ ያለው መጽሐፍ አበጁ። ጥቍሩን በከሰል፣ ቀዩን በቀይ አፈር፣ አረንጓዴውን በቅጠል ጭማቂ ቀቡት። ከዚያም የቆቦ ልጆች ሁሉ የሚያውቁትን ነገር ሣሉበት።

በመጀመሪያው ገጽ ሁለት የማሽላ ማሳዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በመካከላቸው ማማ አለ፤ በማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቆሟል። አንዱ ማሳ የአባቱ ነው። ሁለተኛው ጎረቤት የሆነች የአንዲት አሮጊት ማሳ ነው፤ እርስዋም ልጁ እህልዋን ቢጠብቅላት ማሽላ በቁና ልትሰጠው ተዋውላለች። በሁለተኛው ገጽ ግሪሳው እንደ ደመና ሆኖ ይመጣል። በሦስተኛው ገጽ ልጁ ወፎቹን ከአባቱ ማሳ ሲያባርር፣ ወፎቹ በአሮጊቲቱ ማሳ ላይ ሲሰፍሩ ይታያል፤ ልጁም ወንጭፉን አስቀምጦ ያርፋል። በአራተኛው ገጽ አባቱ በአውድማ ላይ ጆንያውን ይሞላል፤ አሮጊቲቱ ግን በእንቅብዋ ግርጌ ያለውን ጥቂት እህል ትመለከታለች። አምስተኛው ገጽ ምንም አልተሣለበትም።

መምህሩ መጽሐፉን ከፍ አድርገው ያዙና፣ «አስቀድማችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ» አሉ። ልጆቹም አዩ። አንዲቱ ልጅ ወፎቹን ቈጠረች። አንዱ ልጅ በሦስተኛው ገጽ ማማው ከአባቱ ማሳ ይልቅ ወደ አሮጊቲቱ ማሳ እንደሚቀርብ አስተዋለ፤ «እንግዲያው ከእርስዋ ማሳ ማባረር ይቀለው ነበር፤ አውቆ ነው የተወው» አለ። ይህንንም ሰምተው ሌሎቹ በሥዕሉ ልጅ ላይ ሳቁበት። «ሌባ! ሰነፍ!» አሉት።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን አልሳቀም። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጣቶቹን ይመለከት ነበር።

በዚያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን የሚማር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «የኔታ፣ ይህ ልጅ ክፉ ሥራ ሠርቷል። ታዲያ ስለ ምን በሁለት ዓይን ሣሉት? በቤተ ክርስቲያን ክፉ ሰው የሚሣለው በአንድ ዓይን ነው» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩም ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉ። «ልጄ፣ መልካም አየህ። በግድግዳ ላይ የተሣለው ሰው ታሪኩ ተፈጽሟል፤ ሠዓሊውም ፍጻሜውን አውቆ ሣለው። የዚህ ልጅ ታሪክ ግን ገና አልተፈጸመም። አምስተኛው ገጽ ባዶ መሆኑን አላያችሁምን? ሊመለስ የሚችለውን ልጅ በአንድ ዓይን ብሥለው፣ ፍርዱን ከጊዜው በፊት ሰጠሁ ማለት ነው።»

ከዚህ በኋላ፣ «በባዶው ገጽ ምን መሣል ይገባል?» ብለው ጠየቁ። አንዱ፣ «አባቱ ይግረፈው» አለ። አንዱ፣ «ሽማግሌ ይቀመጥበት» አለ። አንዲት ልጅ፣ «ራሱ ሄዶ ይንገራት» አለች። መምህሩ የማንንም አሳብ አልነቀፉም፤ መጽሐፉንም ዘግተው፣ «እያንዳንዳችሁ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ በማማው ላይ የቆምሁት እኔ ብሆንስ ብላችሁ አስቡ። መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለልባችሁ ንገሩት» አሉ። ወደ ኋላ ወንበርም አልተመለከቱም፤ የማንንም ስም አልጠሩም።

6። ባዶው ገጽ

ያ ያልሳቀው ልጅ ሌሎቹ ሲወጡ ዘገየ። ወደ መጽሐፉ ቀርቦ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠ፤ በማማው ላይ ያለውንም ልጅ በመዳፉ ሸፈነው። እርሱም እንደዚያው አድርጎ ነበርና። የጎረቤቱን የአንዲት አሮጊት ማሳ ከአባቱ ማሳ ጋር ይጠብቅ ነበር። አባቱ የተበላ ዘለላ ቢያዩ እንደሚቈጡት ያውቃል፤ አሮጊቷ ግን ዓይናቸው ደክሟልና አያዩም ብሎ አሰበ። ስለዚህ ወፉን ሁሉ ወደ እርሳቸው ማሳ አሳደደ። ሲጠይቁትም፣ «ወፉ በረታብኝ፣ እማማ» አላቸው። ይህንን ሥራ ማንም አላየውም።

«የኔታ፣ ባዶውን ገጽ ማን ይሥለዋል?» አለ።

መምህሩም፣ «ታሪኩ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይሥለዋል» አሉት እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ልጁ ከሁለቱም ማሳ ወፉን አባረረ። ወፉ ወደ አንዱ ማሳ ሲዞር ወደዚያ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ወደዚህ ሮጠ፤ ማታም ክንዱ ዝሎ ይገባ ነበር። አጨዳው ደርሶ አውድማው ሲነሣ አሮጊቷ የተዋዋሉትን ማሽላ በቁና ሰፍረው ሰጡት። እርሱም ተሸክሞ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመለሰ፤ እህሉንም በእግራቸው አጠገብ አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይህ ለእኔ አይገባኝም» አለ። «ወፉ በርትቶብኝ አይደለም። እኔ ነኝ ወደ እርስዎ ማሳ የሰደድሁት።»

አሮጊቷ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አውቄአለሁ ልጄ» አሉት። «ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመም። የወፉ ጫጫታ ከአባትህ ማሳ ሲጠፋና ከእኔ ማሳ ሲበረታ እሰማ ነበር። ደግሞም ጫጫታው የቀረበትን ቀን ሰምቻለሁ። እስክትመጣ እጠብቅህ ነበር።»

ልጁም አለቀሰ። እርሳቸውም፣ «አብሽር፤ ተነሥ። አባትህስ ያውቃልን?» ብለው ጠየቁት።

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ለእርሱም ንገረው። ለእኔ ከመንገር ይልቅ ለእርሱ መንገር ይከብድሃል፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስፈልግሃል።» ከዚያም እህሉን በሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ ልጁ ገፉለት። «ይህ ከተመለስህ ወዲህ የጠበቅህበት ነው» አሉት።

በዚያች ሌሊት ልጁ ለአባቱ ተናገረ። ነገሩ ግን በዚህ ብቻ ደስታ ሆኖ አልቀረም። ወፍ የበላው እህል አልተመለሰምና፣ አሮጊቷ አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራቸው ባዶ ሆነ፤ ከገበያም ሸምተው በሉ። ከጥፋት መመለስ ልብን ይመልሳል፤ ወፍ የበላውን እህል ግን አይመልስም። ስለዚህ ከበደሉ በኋላ ከመመለስ አስቀድሞ አለመበደል ይበልጣል።

ከጥቂት ቀን በኋላ መምህሩ መጽሐፉን ሲገልጡ አምስተኛው ገጽ በከሰል ተሥሎበት አገኙ። ሥዕሉ የሠዓሊ ሥራ አልነበረም፤ የሰዎቹ ራስ ከማማው ይበልጥ ነበር። በማማው ጥላ ሥር አንዲት አሮጊትና አንድ ልጅ አብረው ተቀምጠዋል። ሁለቱም በሁለት ሁለት ዓይን ተሥለዋል። መምህሩም ማን እንደ ሣለው አልጠየቁም።

7። ሥዕልን እንዴት ማንበብ ይገባል

ከዚህ ታሪክ ተማሪም መምህርም የሚይዙት ምክር አለ።

አንደኛ፣ ሥዕልን ለማየት መቸኰል አይገባም። አስቀድሞ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩን ማየት ያስፈልጋል። ማማው ወደ የትኛው ማሳ እንደሚቀርብ ያስተዋለው ልጅ የታሪኩን ቍልፍ ያገኘው በዝግታ ስላየ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሥዕሉ በፊት ምን ሆነ? ከሥዕሉ በኋላስ ምን ይሆናል? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሥዕል አንዲት ቅጽበት ብቻ ይይዛል፤ የሰው ሥራ ግን ሥርና ፍሬ አለው። በሦስተኛው ገጽ የተቀመጠው ወንጭፍ በአራተኛው ገጽ ባዶ እንቅብ ሆነ።

ሦስተኛ፣ በሥዕሉ ውስጥ የጎረቤትን ሳይሆን የራስን ፊት መፈለግ ይገባል። ሥዕል አይቶ፣ «ይህ እገሌን ይመስላል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ «ይህ እኔን ይመስላል» የሚል ግን ጥቂት ነው። የተማረው ግን ይህ ጥቂቱ ነው።

አራተኛ፣ መምህር በሥዕል ሲያስተምር የበደለውን ልጅ በባልንጀሮቹ ፊት ስሙን ጠርቶ አያሳፍረው። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሲገሥጸው አስቀድሞ ስለ ድኻው ሰውና ስለ አንዲት በግ ነገረው፤ ዳዊትም በራሱ ላይ ራሱ ፈረደ። መልካም ሥዕልም እንዲሁ ነው። ሳይጮኽ ይገሥጻል፤ ስም ሳይጠራ ያስታውቃል።

አምስተኛ፣ ከሥዕሉ የተገኘው ምክር በእጅ ሥራ መፈጸም አለበት። ያየ፣ ያዘነና ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ገጹን ገልጦ ከዘጋው ሰው አይሻልም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ የሰው ሕይወት ብዙ ገጽ እንዳለው መጽሐፍ ነው። ያለፉት ገጾች ተሥለዋል፤ ሊፋቁ አይችሉም። የነገው ገጽ ግን ባዶ ነው፤ ከሰሉም በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነው። ባልንጀራችሁ ሲያጠፋ ብታዩ በአንድ ዓይን አትሣሉት፤ ታሪኩ ገና አላለቀምና። ራሳችሁ ስታጠፉም ፊታችሁን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ አትቅሩ፤ ተነሥታችሁ የቀረውን ገጽ በመልካም ሥራ ሣሉት።

ጥያቄ

1። የኢትዮጵያ ሠዓልያን ደግ ሰውንና ክፉ ሰውን በምን ይለያሉ?
2። ኮሜንዮስ ልጅ ከነገሩና ከስሙ የትኛውን አስቀድሞ ይማር አለ?
3። መምህሩ በሥዕሉ ያለውን ልጅ ስለ ምን በሁለት ዓይን ሣሉት?
4። አሮጊቷ ልጁ ያደረገውን በምን አወቁ?
5። አሮጊቷ ግማሹን እህል ስለ ምን መለሱለት? ግማሹንስ ስለ ምን አስቀሩ?
6። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያያችሁትን አንድ መልካም ሥራ በአምስት ገጽ ሣሉ፤ የመጨረሻውንም ገጽ ባዶ ተዉት።

የቃላት ፍች

ማማ፦ እህል ለመጠበቅ በእንጨት ከፍ ተደርጎ የሚሠራ መቆሚያ።
ወንጭፍ፦ ድንጋይ የሚወረወርበት የተገመደ ገመድ።
ግሪሳ፦ በመንጋ መጥቶ እህል የሚበላ ትንሽ ወፍ።
እሸት፦ ፍሬው ሞልቶ ገና ያልደረቀ እህል።
ጥርኝ፦ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ጥቂት ውኃ ወይም እህል።
አብሽር፦ አይዞህ።
ሰምና ወርቅ፦ በላይ የሚታየው ነገርና በውስጡ የተሰወረው ምሥጢር።